የድዳው እምቢልታ ዜና

ከሕዋሳት ሁሉ መከረኛው ጆሮ ነው። ዓይን የጠላውን ሲያይ ይከደናል፣ አፍ የመረረውን ሲቀምስ ይተፋል፣ እጅ የሚፋጀውን ሲነካ ይሸሻል፤ ጆሮ ግን ክዳን ያልተሠራለት፣ መዝጊያ ያልተበጀለት ቤት ነውና ጥዑሙንም መሪሩንም፣ ሊቁንም ቀባጣሪውንም እኩል ተቀብሎ ያስተናግዳል። ይህም መከራ ለሁሉ የታደለ አይደለም፤ ከሺሕ ሰው ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኙ ጆሮውን ለጉትቻ ማንጠልጠያ ይዞት ይዞራል፣ አንዱ ብቻ የቀሩትን ሁሉ ሸክም ተሸክሞ ሲሰማ ይኖራል። አንባቢ ሆይ፣ ይህ ዜና ስለዚያ ስለ አንዱ ነው፤ ተራኪውም ገና ከመጀመሩ ደሙ እየፈላ ነውና፣ ቃሉ ከመጠን አልፎ ቢገኝ በትዕግሥት ተቀበለው።

መሪጌታ ሀብተ ኪሮስ ድጓውን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው የያዙ፣ በድጓ ምስክር ቤቱ በቤተልሔም አስመስክረው ሠላሳ ዓመት ወንበር ዘርግተው ያስተማሩ፣ በምግብ ነገር ትሑት፣ በልብስ ነገር ቸልተኛ፣ በዜማ ነገር ግን ዘመድም ወዳጅም የማያውቁ ሊቅ ነበሩ። በጉባኤያቸውም የጸና ሕግ ነበረ፦ ዜማ ሲፈርስ ሰምቶ ዝም ያለ ካፈረሰው ጋር እኩል በዳይ ነው፤ በመቋሚያው መሬት መትቶ ያስቆመም፣ ትክክሉን በገዛ አንደበቱ አዚሞ ካላሳየ፣ ነገረኛ እንጂ አራሚ አይባልም። እንግዲህ የአገሩ ገዥ ደጃዝማች በባሕረ ሰሜን ዳር ካለች ከአንዲት ጥንታዊት የጀርመን ከተማ ጋር የወዳጅነት ደብዳቤ በተጻጻፉ ጊዜ፣ በብራና የተጻፈ ድጓ ለከተማይቱ ቤተ መጻሕፍት ገጸ በረከት አድርገው፣ መጽሐፉንም አጅበው እንዲያደርሱ እኚህን ሊቅ ላኩ። አስተርጓሚ ሆኖ የተከተላቸው ባላምባራስ ጓንጉል ነበረ፤ እርሱም ቋንቋውን በሚሲዮን ቤት የተማረ፣ ልበ ቀና፣ ልብሰ ንጹሕ፣ ከመናገር በቀር ሌላ ደዌ የሌለበት ሰው ነው። ይህ አንዱ ደዌው ግን፣ እውነት ለመናገር፣ የሌላውን ሁሉ ቦታ ይዞ ነበረ።

የከተማይቱ ሸንጎ መጽሐፉን በክብር ከተቀበለ በኋላ፣ ስለ ውለታው ለእንግዶቹ የከተማይቱን ታላቅ ሀብት ሊያሰማቸው ወደደ። ይኸውም በአሮጌው ቤተ ክርስቲያን ሰገነት ላይ የቆመው ኦርጋን፣ ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው፣ ዙሪያ ዙሪያው በወርቅ ቅብ መላእክት ያጌጠ፣ ብዙ እልፍ ትንፋሽ በወናፍ እየተነፋበት ስብሐተ እግዚአብሔር ያደረሰ መሣሪያ ነው። መሪጌታ ባዩት ጊዜ በአንድ ቤት የታሰሩ ሁለት ሺሕ እምቢልታዎች መሰሏቸው፣ ከዚያም በኋላ ስሙን እምቢልታ እንጂ ሌላ አላሉትም። እሑድ ከቀትር በኋላ ሕዝቡ ተሰበሰበ፤ ኦርጋኑ ከበስተኋላ፣ ሕዝቡ ፊቱን ወደ መቅደሱ አድርጎ ጀርባውን ለዜማው ሰጥቶ ተቀመጠ። መሪጌታ መቀመጡን እምቢ ብለው በአንድ ምሰሶ አጠገብ በመቋሚያቸው ተደግፈው ቆሙ፣ ዓይናቸውንም ጨፈኑ። ባላምባራስ ጓንጉልም ከጎናቸው ቆመ፣ አፉንም ከፈተ።

«የኔታ፣» አለ በሹክሹክታ፣ «ትልቁ እምቢልታ የሦስት ሰው ቁመት አለው ይላሉ።»

«ባላምባራስ፣ እባክዎ፣ ልስማበት።»

«ዜማውን የደረሰው የዚሁ ደብር መዘምር ነበረ፤ ከሞተ መቶ ሰባ ዓመቱ ነው። በስተርጅናው ዓይነ ስውር ሆኖ ነበር አሉ።»

«እሱን ዓይን የነሳ አምላክ፣» አሉ መሪጌታ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «ምነው እርስዎን ለአንዲት ሰዓት አንደበት በነሳዎ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር የተራኪው ብዕር ደካማ ነው። በመጀመሪያ አንዱ ድምፅ ብቻውን ወጥቶ ዘጠኝ ድምፅ ያላትን አንዲት አጭር ሐረግ፣ ቁልቁል የምትወርድ፣ ልመናም ምስጋናም የምትመስለውን ተናገረ፤ እርሱ ነገሩን ገና ሳይጨርስ ሁለተኛው ከበታቹ ያችኑ ሐረግ አነሣ፣ ሁለተኛው ሲደርስባት ሦስተኛው፤ በአገራችን ቀኝ ጌታ ሲመራ ግራ ጌታ ዝም ብሎ ተራውን ይጠብቃል፣ እዚህ ግን መሪውም ተቀባዩም ባንድነት እየተናገሩ አንዱ ሌላውን አይገፋውም፣ አንዱ የሌላውን ቃል አይነጥቀውም። መሪጌታ ከአገራቸው ሲነሡ «ያለ ከበሮ፣ ያለ ጸናጽል፣ ያለ ሽብሸባ ምን ማኅሌት አለ» ብለው በተማሪዎቻቸው ፊት የዘበቱ ነበሩ፤ አሁን ግን ጉንጫቸው ረጥቦ አገኙት። ይህን ሳልሰማ ሞቼ ቢሆን ምን ያህል ቀርቶብኝ ነበረ አሉ በልባቸው፤ በሰው ልጅም ላይ የነበራቸው ቅያሜ ሁሉ ለጊዜው ለቀቃቸው። ሰላማቸው ግን ረጅም ዕድሜ አልነበረውም። ከሰገነቱ በእግር የሚረገጠው ወፍራም ድምፅ ተራው ደርሶ ሐረጊቱን ሲያነሣ፣ አምስቱን ተናግሮ ስድስተኛይቱን ዘለላት፤ በቦታዋ ነፋስ ብቻ ሽው ብሎ አለፈ፣ ሰባተኛይቱም እንዳልተበደለች ሁሉ ተከተለች።

መሪጌታ በመጀመሪያ ራሳቸውን ገሠጹ፤ ምናልባት የደራሲው ምሥጢር ይሆናል፣ የእንግዳ ጆሮ አይቸኩል ብለው ታገሡ። ወፍራሙ ድምፅ ተመልሶ መጣ፤ ያችው ስድስተኛይቱ እንደ ወለቀ ጥርስ ቦታዋ ባዶ ሆኖ ታየ። ያን ጊዜ ዓይናቸውን ገልጠው፣ ከዚህ ሁሉ ሕዝብ ቅንድቡ የተንቀሳቀሰ ሰው ይኖር እንደ ሆነ ዙሪያውን ተመለከቱ። የሸንጎው አለቃ አገጩን በደረቱ ላይ ጥሎ በቅድስና ያንቀላፋል፤ ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ሹም ሰዓቱን በወርቅ ሰንሰለት እየሳበ ያያል፤ አንዲት ባለጠጋ ሴት በስተኋላ ላለችው ወዳጅዋ የባርኔጣዋን ላባ ታሳያለች፤ የቀረውም ሁሉ ፊቱን ለጸሎት አስተካክሎ ልቡን ወደ ቤቱ ልኮታል። ባላምባራስ ጓንጉልም «ግሩም አይደለም የኔታ? አንዲት እንከን የለበትም» አለ። ያ ቃል ነው ነገሩን የፈጸመው። ወፍራሙ ድምፅ ለሦስተኛ ጊዜ ስድስተኛይቱን ሲዘል፣ መሪጌታ ሀብተ ኪሮስ መቋሚያቸውን አንሥተው የድንጋዩን ወለል ሦስት ጊዜ መቱት፤ ቤቱም እስከ ጣራው አስተጋባ፣ ኦርጋኑም ቆመ።

 የሸንጎው አለቃ ባንኖ ተነሣ፣ ፊቱም በርበሬ መሰለ፤ ሕዝቡ አንገቱን አዙሮ በዚያ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኋላው ተመለከተ። ባላምባራስ ጓንጉል መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ፤ «የኔታ፣ አዋረዱን እኮ» አለ፣ «ድንገት አሟቸው ነው ብዬ ላስተባብል?»

«ሕመምተኛስ ይህ ሁሉ ሕዝብ ነው» አሉ መሪጌታ፤ ከንዴት የተነሣ አንቱታው ጠፍቷቸው ነበረ። «ስድስተኛይቱ የለችም በላቸው።»

«ምኗ ስድስተኛ?»

«አንተ ቃሉን ብቻ አድርስ፤ ለባለቤቱ ይገባዋል።»

ባለቤቱም ከሰገነቱ በጠመዝማዛው ደረጃ እየወረደ ነበረ፤ ስሙ ዮአኪም ይባላል፣ ወገቡ የጎበጠ፣ ጸጉሩ እንደ ባዘቶ የነጣ፣ ኦርጋኑን አርባ ዓመት ያገለገለ አረጋዊ ነው። ማን እንደ መታ ጠየቀ። ባላምባራስ ሲተረጉም፣ መሪጌታ ትርጓሜውን ሳይጠብቁ ዘጠኙን ድምፅ በለሆሳስ አዜሙ፤ አምስተኛይቱ ላይ በደረሱ ጊዜ ቆም ብለው፣ ባዶ መዳፋቸውን ዘርግተው አሳዩትና ሰባተኛይቱን ቀጠሉ። አረጋዊው ያን መዳፍ በሁለት እጁ ያዘው። ከዚያም ወደ ሸንጎው ዘወር ብሎ፣ «ጌቶቼ» አለ፣ «ያ እምቢልታ ድዳ ከሆነ ዐሥራ አራት ዓመቱ ነው። በየዓመቱ አስጠግኑልኝ ብዬ ለመንኋችሁ፤ እናንተም ቅር ያለው አንድ ሰው የለም አላችሁኝ፣ ጉድለቱን በገዛ ጆሮው የሰማ አንድ ሰው ካመጣህ በዚያው ቀን ሠሪ እንጠራለን ብላችሁ በማኅተም ጻፋችሁልኝ። በየሰንበቱ ያቺን ስፍራ በረገጥሁ ቁጥር አንድ አንገት ዞር ሲል አያለሁ ብዬ፣ ከወንበሬ በላይ ተሰቅሎ ከኋላዬ ያለውን ሕዝብ በሚያሳየኝ በመስተዋቴ ስጠባበቅ ኖርሁ። ምስክሬ ይኸው ከባሕር ማዶ መጣ። እኔም ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ሳልሞት ይህችን ዜማ ሙሉ ሆና ልስማት፣ ሌላ የምመኘው የለም።» ባላምባራስ ጓንጉል ይህን ሲተረጉም ከገዛ ቃሉ አንዳች አልጨመረበትም፤ ተራኪው ከዚህ በላይ የሚመሰክርለት በጎ ሥራ የለውም።

የሸንጎው አለቃ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉስ ቢሆን ነገሩ በቀለለ። ማኅተሙን አልካደም፣ ይጠገናል አለ፤ ነገር ግን ልባዊ በሆነ የዋህነት፣ «ለመሆኑ የጎደለው ምን ነበረ? እኛ ከቶ አልተሰማንም» ብሎ ጠየቀ። መሪጌታም፣ ያረመ አቅንቶ ያሳይ የሚለውን የጉባኤያቸውን ሕግ አስታውሰው፣ በዚያው ጠመዝማዛ ደረጃ ከአረጋዊው ጋር ወደ ሰገነቱ ወጡ። ዮአኪም ዜማውን ከጥንቱ ጀመረ። ወፍራሙ ድምፅ ወደ ስድስተኛይቱ በደረሰ ቁጥር፣ መሪጌታ ከደረታቸው ግርጌ ያቺን አንዲት ድምፅ አውጥተው በቦታዋ ያስቀምጧት ነበረ፤ አንድም ጊዜ አልቀደሟት፣ አንድም ጊዜ አልዘገዩባት። ዮአኪም እጁ ሳያቋርጥ ዕንባው በቁልፎቹ ላይ ይንጠባጠብ ነበረ፤ ሁለቱም አንዱ የሌላውን ቋንቋ የማያውቅ ሽማግሎች፣ ዜማው ሲያልቅ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ሕዝቡም ማጨብጨብ በቤተ ክርስቲያን ነውር ስለ ሆነበት፣ ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ ወደ ኦርጋኑ ዞሮ፣ ነጭ ነጭ መሐረቡን አወዛወዘ። መሪጌታ በማግሥቱ በመርከብ ሲሳፈሩ፣ በሕይወታቸው ከሠሩት እርማት ሁሉ ይህን አብልጠው ወደዱት።

ዓመት ዞሮ፣ ክረምት ወጥቶ፣ ከዮአኪም ደብዳቤ መጣ፤ ባላምባራስ ጓንጉልም በጉባኤው ቤት በር ላይ ተቀምጦ አነበበው። ሸንጎው ሠሪ ሊጠራ ተሰብስቦ ነበረ፤ ነገር ግን በዚያ እሑድ ልቡ ያልተነካ ሰው አልነበረምና፣ አንዱ ሹም ተነሥቶ «ያን የመሰለ ቀን ያመጣልንን እምቢልታ በብረትና በመዶሻ ብንነካው ውለታ ቢስ እንባላለን» አለ፤ ሁሉም እውነት ነው፣ እውነት ነው አሉ። እምቢልታው ለዘላለም ድዳ ሆኖ እንዲኖር በሙሉ ድምፅ ወሰኑ፤ በሥሩም «የኢትዮጵያው ሊቅ በዚህ ቦታ አዜመ» የሚል የናስ ሰሌዳ ተከሉ፤ በየዓመቱም በዚያች ዕለት ዜማው ሲደርስ ሕዝቡ ሁሉ ስለ ስድስተኛይቱ ድምፅ ቆሞ ዝምታውን ይሰማል። መሪጌታ ይህን ሰሙ። ከዚያም ብራና አስመጡ፣ ቀይና ጥቁር ቀለም አስበጠበጡ። ባላምባራስ «ልተርጉምልዎ» ቢል፣ አለዝቦ እንደ ማር ያደርገዋል ብለው ፈሩና ከለከሉት፤ አገሩ የሊቃውንት አገር ነው፣ አንባቢ አያጣም ብለው፣ ሸንጎውን ከአለቃው እስከ በረኛው የሚገሥጽ፣ ጆሮ እያላችሁ አትሰሙም የሚል፣ ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ ያን እምቢልታ ጠግኑት፣ ሽማግሌውን አታሳዝኑት ብሎ የሚለምን ደብዳቤ በገዛ እጃቸው፣ በገዛ ቋንቋቸው ጽፈው ላኩ።

መልሱ በሁለተኛው ዓመት መጣ፣ እርሱም የዮአኪም የመጨረሻ ደብዳቤ ነው። «ወንድሜ ሆይ፣» ይላል፣ «ጽሕፈትዎን በመስተዋት ውስጥ አድርገው ከናሱ ሰሌዳ በታች ሰቀሉት። የሚያነበው የለም፤ የፊደሉን ውበት ግን ያላደነቀ የለም። እኔ ጣቶቼ አልታዘዝ ስላሉኝ ከወንበሩ ወርጃለሁ። በቦታዬ የተሾመው ሰው ብልህ ነው፤ ነፋሱ ሽው እያለ ዝምታውን እንዳያበላሽባቸው ሸንጎው ስለ ነገረው፣ ስድስተኛይቱ ላይ ሲደርስ እግሩን ያነሣል። አንድ ጊዜ ሙሉ ሆና ሰምቻታለሁ፣ ስለዚያች ቀን እግዚአብሔር ይስጥልኝ።» ባላምባራስ ጓንጉል ወረቀቱን አጥፎ፣ በሕይወቱ እንደ ብርቅ ነገር፣ ዝም አለ። መሪጌታ ሀብተ ኪሮስም፣ «ባላዜምላቸው ኖሮ ይጠግኑት ነበር» አሉ። ተራኪውም ይህን ነገር ሲያወጣና ሲያወርድ ኖሮ ከዚህ በቀር ያገኘው የለም፦ ሰሚ ያጣ ስሕተት አራሚው እስኪመጣ ይቆያል፤ አድናቂ ያገኘ ስሕተት ግን አራሚውንም ጌጡ አድርጎ ይኖራል።