እስከ ቤቱ በር ድረስ

የሠራተኞች ካሳ ሕግ በተሻሻለ ማግስት፣ አምና የቀበርነው ልጄ ምንውየለት ከፋብሪካ ወደ ቤት ሲመጣ አየሁት።

የሞተው ከሥራ ሲመለስ መኪና ገጭቶት ነው። በድሮው ሕግ መንገድ የሥራ ቦታ አልነበረም። አዲሱ ትርጉም ግን ሠራተኛ ከፋብሪካ ወጥቶ የቤቱን በር እስኪያልፍ ድረስ በሥራ ላይ ነው ይላል።

ምንውየለት ሰማያዊ ቱታውን ለብሷል። ጫማው አቧራ ጠጥቷል።

«እንዴት ዋልህ አባባ?»

«ደህና። ሕጉን የሚያውቅ ሰው ሳልጠይቅ እንዳትገባ፤ እዚያው ቁም።»

ባለቤቴ እናኑ ከጓዳ ሰማችኝ።

«ምን ነካህ አንተ ሰውዬ? ልጅ ከሥራ መጥቶ ደጅ ይገተራል? ውኃ ላሙቅና እግሩን ልጠበው።»

«ሕግ ነው እናኑ።»

«ሕግህን እዚያው!»

ሕጉን ካረቀቁት አንዷ ወይዘሪት መክሊት ከእኛ በታች ትኖራለች። ሄድኩ። ልብስ እያሰጣች ነበር።

«የእርስዎም ልጅ መጣ?» አለችኝ።

«መጣ። ቢገባ ምን ይሆናል?»

«በሩን ካለፈ ሥራው አበቃ። ከዚያ በኋላ ሟች ነው አባቴ፤ እንደ ቀድሞው።»

«ባያልፍስ?»

«በሥራ ላይ ነው።»

«በሩ ሌላ ቦታ ቢሆንስ?»

አንድ እርጥብ ሸሚዝ ይዛ አሰበች።

«በር የት መቆም እንዳለበት ሕጉ አይናገርም።»

እየሮጥኩ ተመለስኩ። እናኑ ሳፋውን ከደፉ ውስጥ አስቀምጣ እጅጌዋን ሰብስባለች። ምንውየለት ጫማውን አውልቆ አንድ እግሩን አንሥቷል።

«በእናትህ ቆይ!» አልኩት።

እግሩን መለሰ። የቆርቆሮውን በር ከማጠፊያው ነቀልኩት፤ በገመድ ጀርባዬ ላይ አስሬ ወደ መንገዱ ወጣሁ። ልጄ ክፍት የሆነውን ቤት አየና ዞሮ ተከተለኝ።

«ወዴት ትወስደዋለህ?» አለች እናኑ።

ገመዱን አጥብቄ መንገዴን ቀጠልኩ።

«አባባ፣ ደክሞኛል እኮ» አለ ምንውየለት።

«በርታ። ትንሽ ነው የቀረህ።»

አውራ ጎዳናው ላይ ስንደርስ ከፊታችን ብዙ በሮች ይሄዳሉ፤ የእንጨትም የቆርቆሮም። ከእያንዳንዱ በር ሥር የሽማግሌ እግር ይታያል። ከእያንዳንዱም ኋላ ባለ ቱታ ሰው ይከተላል።

አመሻሹ ላይ ጀርባዬ ላይ ያለው በር ቀስ ብሎ ተንኳኳ።

«ማነው?» አልኩ፤ እርምጃዬን ጨመርኩ።