ያላየችው ክፍል

ፀጉር ሠሪዋን ደንበኞቿ «ሳንሱር» ይሏታል። ከእጇ ሳይቆረጥ የሚያልፍ ፊልም የለማ። የአንዷን ፀጉር በቢጎዲን እየጠቀለለች፣ የተሰቀለውን ቴሌቪዥን በመስታወቱ እያየች ትፈርዳለች። «የመናፍስት ፊልም ላይ መብራት ሲጠፋ ሰው ለምን ወደ ምድር ቤት ይወርዳል? የውጭ በር አጥቶ ነው?» ትላለች። ስለ ጠፈር ፊልሞች ደግሞ፣ «ያን ሁሉ መንገድ ሄደው የሚጣሉት በባል ነው፤ እሱማ እዚህም ሞልቷል» ስትል ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ያሉት ሳይቀሩ ይስቃሉ።

ከልቧ የምትከራከረው ግን ከታላቅ እህቷ ጋር ነው። እህቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ትኖራለች። ሐሙስ ሐሙስ ሁለቱም በየቤታቸው ያንኑ ተከታታይ ድራማ ያያሉ፤ እንዳለቀ ይደዋወላሉ። ሳንሱር መርዝና ግድያ ትወዳለች፤ እህቷ ደግሞ ለቅሶ የሌለበት ድራማ ድራማ አይመስላትም።

አንድ ሐሙስ የባለጸጋው ቤተሰብ አባት ሞተ። ሳንሱር ስልኩን አነሳች።

«እትዬ፣ እንዴት አየሽው?»

«ተይኝ እባክሽ! ደራሲው ሰንፏል። ደህና የነበረ ሽማግሌ ድንገት በልብ ድካም ይሞታል?»

«የምን ልብ ድካም? ምራቱ አይደለች እንዴ ብርጭቆው ውስጥ ዱቄት የጨመረችው? እጇን ስንት ጊዜ አሳዩን!»

እህቷ፣ «እ… በር ተንኳኩቶ ተነስቼ ነበር መሰለኝ» አለች።

ሳንሱር ስልኩን ከዘጋች በኋላ አንድ ነገር ከነከናት። ምራቲቱ ዱቄቱን ስትጨምር አንድም ቃል አልተነገረም፤ ሙዚቃ ብቻ ነበር። በሚቀጥለው ሐሙስ ሆን ብላ፣ «የዛሬዋ ሙሽራ ቀይ ቀሚስ አያምርም?» አለቻት።

«ቀዩማ! ስፌቱም ንጹሕ ነው» አለች እህቷ።

ሙሽራዋ የለበሰችው ነጭ ነበር።

ጠዋት ሱቋን ሳትከፍት እህቷ ቤት ሄደች። እህቷ የስፌት መኪናው ላይ አንገቷን ወደ ጎን ሰብራ አጎንብሳለች፤ ጨርቁን በአውራ ጣቷ እየዳበሰች ነው የምትነዳው። አጠገቧ ተሰፍቶ የተተረተረ ኮሌታ ተከምሯል።

«ቀሚሱ ነጭ ነበር፣ እትዬ።»

መኪናው ቆመ።

«አውቀሽ ነው የጠየቅሽኝ?»

«አውቄ ነው።»

«አንቺ ተንኮለኛ!» ብላ ልትስቅ ሞከረች፤ ከዚያ ፊቷን በጨርቁ ሸፈነች። «ዓይኔን ከዳር ከዳር እየበላው መጥቶ የደበዘዘ ጠባብ ቀዳዳ ነው የቀረኝ። ደንበኛ ቢሰማ ማን ጨርቁን ያምነኛል?»

«ለእኔስ አይነገርም? ሰው ዓይኑን ከእህቱ ይደብቃል?» ሳንሱር እንባዋ እየመጣ ጮኸችባት፤ እየተቆጣችም ነጠላ ጫማዋን አጫምታ ወደ ሐኪም ወሰደቻት።

ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለ። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን በጠብታ ማቆየት ይቻላል። ቀጥሎ ወደ ታናሺቱ ዞረ። «በዘር ይሄዳል። ሲጀምር አያምም፣ አይታወቅም። እርስዎም ይመርመሩ።»

እህቷ የልብስ ትእዛዞቿን ለሌላ ሰፊ አስረክባ በአንሶላና በመጋረጃ ስፌት ብቻ ቀረች። ያስረከበች ቀን ምግብ አልቀመሰችም። ሐሙስ ሲሆን ሳንሱር እየሄደች አጠገቧ ትቀመጥና ያላየችውን ትነግራታለች።

«ምራቲቱ መሳቢያ ከፈተች፤ ጓንት እንኳ አላደረገች፣ ደደብ…»

«ፍርድሽን ለራስሽ! የሆነውን ብቻ ንገሪኝ።»

አንድ ምሽት እህቷ በመሐል፣ «ለመሆኑ ተመረመርሽ?» አለቻት።

ሳንሱር እስከ ሐኪም ቤቱ በር ሄዳ ተመልሳለች። ሰሞኑን ከጎኗ ያስቀመጠችው መቀስ ከዓይኗ ሲሰወርባትም ለማንም አልተናገረችም።

«አዎ። ደህና ነኝ።»

እህቷ እጇን ዘርግታ ክንዷን ያዘች። «ስትዋሺ ድምፅሽ ይቀጥናል። ነገ እንሄዳለን።»

«ነገ ደንበኛ አለብኝ፣ እትዬ።»

«እኔም ደንበኛ ነበረብኝ።»

ሳንሱር ክንዷን ልታስለቅቅ ሞከረች፤ እህቷ ግን አልለቀቀቻትም።