ዘጠነኛው ቀን

ገሌግ አመዱን በእጅጌው ደምስሶ ለአራተኛ ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመረ። አመድ በተነሰነሰበት ሰሌዳ ላይ የእንጨት ብዕሩ ቀስ እያለ ቁጥር ይጽፋል። ምድጃው ውስጥ ኩበት ይነድዳል፤ ጣቶቹ ግን አልሞቁም።

ሞንጎሎች ቻይናን ከሚገዛው የማንቹ ንጉሥ መለየታቸውን ካወጁ ሳምንት ሆኗቸዋል። አሁን የራሳቸው ንጉሥ የሚነግሥበት ቀን ይፈለጋል። ልጆቻቸው ነፃነታቸውን በየዓመቱ የሚያከብሩት በዚያ ቀን ነው። ቀኑን የሚቆርጠው የገዳሙ ቀን ቆጣሪ፣ ሽማግሌው መነኩሴ ገሌግ ነው። በመጪው ወር ስምንተኛው ቀን ለንግሥ አይሆንም፤ አሥረኛው የእሳት ቀን ነው፣ መጥፎ ዕድል ያመጣል። ዘጠነኛው ብቻ መልካም ነው። ወሩ ካለፈ ደግሞ የማንቹ ጦር ይደርሳል።

ችግሩ የምዕራቡ ገዳም ነው። ፀሐይና ጨረቃ ሳይገጥሙ ሲቀሩ ከወሩ አንድ ቀን ይዘለላል። በገሌግ ስሌት የሚዘለለው አራተኛው ነው፤ በምዕራቦቹ ግን ራሱ ዘጠነኛው። ሁለቱን ስሌቶች የሚለያቸው ቀሪ ከፀጉር የቀጠነ ነው። አንዳቸው ተሳስተዋል። የተሳሳተው እሱ ከሆነ፣ ዙፋኑ የሚቆመው በሌለ ቀን ላይ ነው።

ባዛር የተባለው የምዕራቡ ፈረሰኛ መልእክተኛ ከድንኳኑ በር አጠገብ ተቀምጦ የጨው ሻዩን ይጠጣል።

«አባ፣ እኛ ጋ ዘጠነኛውን ውሻ በልቶታል።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ መኳንንቱን በየትኛው ቀን ኑ ልበላቸው?»

በዚህ መሃል የድንኳኑ በር ተከፈተ። የጽሕፈት ቤቱ ሹም ሶድኖም ብርዱን ይዞ ገባ፤ አልተቀመጠም።

«ፈረሶቹ በረዱ። ቀኑ?»

«ዘጠነኛው። ለምዕራብ በሚላከው ደብዳቤ ላይ ግን ስምንተኛው ተብሎ ይጻፍ። በእነሱ አቆጣጠር ያው ቀን ነው።»

ሶድኖም አፍጥጦ አየው። «በአንድ ማኅተም ሁለት ቀን? አንድ መንግሥት ሁለት ልደት አለው እንዴ? ገና ሳንቆም ተከፋፈሉ ይሉናል! በግ ስንቆጥር እንኳ እንስማማለን እኮ፣ አባ።»

«በግ ቆሞ ይቆጠራል።»

«አልቀለድኩም። ዘጠነኛው አለ ወይስ የለም?»

ገሌግ ሰሌዳውን አየ። አምስተኛ ጊዜ ቢያሰላው ያው ቀሪ ነው የሚመጣው። መምህሩ ቢኖሩ ይጠይቃቸው ነበር፤ እሳቸው ከሞቱ አሥራ ሰባት ክረምት አልፏል።

«አለ።»

«ፈርምበት።» ሶድኖም ሁሉም ላይ ዘጠነኛው ብሎ ጽፎ አራት ደብዳቤዎች ዘረጋለት።

ገሌግ አውራ ጣቱን ቀለም ውስጥ ነክሮ በአራቱም ደብዳቤዎች ግርጌ አሳረፈ። ሶድኖም ሦስቱን ይዞ ወጣ፤ ለምዕራብ የተጻፈውን ደግሞ ባዛር ጉያው ውስጥ ከተተው።

ገሌግ ፈረሱ ድረስ ተከተለው። በታተመ ደብዳቤ ላይ በአፍ የጨመረ ምላሱን ይቆረጣል፤ ሁለቱም ያውቁታል።

«ከዛሬ ጀምረህ ሌሊት ቁጠር» አለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሃያ አንድ ሲሞላ ይምጡ። የቀኑን ስም ተወው።»

ባዛር ልጓሙን ጨብጦ ወደ ጽሕፈት ቤቱ በር ተገላመጠ።

«እንዲህ ያለ ቀን የለም ብለው ቢስቁብኝስ?»

«የመጣ ያገኘዋል በላቸው።»

ባዛር ፊቱን ወደ ምዕራብ አዞረ። ገሌግም ራሱን ሳይሸፍን ብርዱ ውስጥ ቆሞ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ አንድ ብሎ መቁጠር ጀመረ።