ሠረቀብርሃን የማይሸጣት መኪና

«መኪናዋስ የት ሄደች?» አለ ከድንኳኑ በር አጠገብ የተቀመጠ አንድ እንግዳ። በሹክሹክታ የተናገረ መስሎት ነበር። ግን በዚያች ደቂቃ ሁሉም ዝም ብሎ ስለነበር ጥያቄው ድንኳኑን ዞረው።

አለምወርቅ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ሰማችው። ቀና ግን አላለችም።

ባሏ ሠረቀብርሃን ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። በሰውየው ላይ መፍረድ አይቻልም፤ ጆሃንስበርግ አጠገብ ባለችው ጀርሚስተን ሐበሻ የተባለ ሁሉ ይህን ግቢ የሚያውቀው በመኪናዋ ነው። አድራሻ ሲጠየቅ እንኳን «ሰማያዊዋ ሙስታንግ የቆመችበት ቤት» ይባል ነበር። አሁን እሷ በነበረችበት ቆርቆሮ ጣራ ሥር የኪራይ ወንበሮች ተደርድረው ሰው ተቀምጦባቸዋል።

«አንተ ደግሞ፣ ልቅሶ ነው የመጣኸው ወይስ ጋራዥ?» አለችው አስካለች። አስካለች የሆሳዕና ልጅ ናት፤ ካትሌሆንግ የሚባል ሰፈር ውስጥ ሱቅ አላት። ሱቋን ዘግታ ከመጣች ጀምሮ ከአለምወርቅ ጎን አልተለየችም። ሻይ ቀድታ ሰጠቻትና ጆሮዋ ሥር ጠጋ ብላ «አትስሚው እህቴ፣ ሰው አፉን አይችልም» አለቻት።

አለምወርቅ ብርጭቆውን ተቀበለች። የሐምሌ ብርድ ከመሬቱ በፍራሹ አልፎ ይሰማታል። ሻዩን ግን አልጠጣችውም።

ሠረቀብርሃን መኪናዋን ያገኛት የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ነው። ከከተማ ወጣ ባለ እርሻ የአንድ ገበሬ ትራክተር ሊጠግን ሄዶ ከጎተራው ጀርባ ዶሮ ሰፍሮባት አያት። ሞተር የላት፣ ወንበር የላት፤ ወለሏን ዝገት በልቶት ሣር በቅሎበታል። ለትራክተሩ ሥራ የሚከፈለውን ትቶ እሷን በጭነት መኪና ጭኖ መጣ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለችው አለምወርቅ በር ላይ ቆማ።

«መኪና ነዋ። የስልሳ ስምንት ሞዴል ሙስታንግ።»

«የቱ ጋ ነው መኪናው?»

«ቀስ ብላ ትመጣለች» አላት እየሳቀ። ዶሮዎቹ የተዉትን ላባ ከፀጉሩ ላይ አነሳችለት። ያኔ እሷም ስቃ ነበር።

ስድስት ዓመት ፈጀች። ቀን የሰው መኪና ይጠግናል፤ ሲመለስ ልብሱን ሳይቀይር እሷ ሥር ይገባል። የተቆረጠ ላሜራ ይበይዳል፣ ይጠርባል፣ ያለሰልሳል። ከተጋጨ መኪና የወጣ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ፈልጎ አስገባላት። የዱሮውን ፍሬን አውጥቶ የዘመኑን ገጠመላት። ቀለሙን ራሱ ቀምሞ ራሱ ረጨ፤ አልወደደውም፤ ልጦ እንደገና ረጨ። ጭምብል አድርግ ስትለው «ሲያፍነኝ ቀለሙ አይታየኝም» ይላታል። አለምወርቅ መጀመሪያ ላይ ለጓደኞቿ «የሰው ባል ውሽማ ይይዛል፣ የኔው ቆርቆሮ ያዘ» እያለች ትቀልድ ነበር። እየቆየ ቀልዱ ከአፏ ጠፋ።

«እሸጣታለሁ እኮ» ይላታል ስትከፋ። «ለሽያጭ ነው የምሠራት።»

እውነትም ሲጨርሳት የፊት መስታወቷ ላይ «ለሽያጭ» የሚል ወረቀት ለጠፈ። ገዢም መጣ። ከፕሪቶሪያ መጡ፣ ከደርባን ድረስ መጡ። ሠረቀብርሃን ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን ያሳያቸዋል፤ አስነስቶ ያሰማቸዋል። ሰዎቹ ዓይናቸው ሲያበራ ካየ ግን እንከን መቁጠር ይጀምራል። ዝናብ ከኋላ ያስገባል ይላል፤ አያስገባም። ሦስተኛው ማርሽ አንዳንዴ ይንሸራተታል ይላል፤ ተንሸራቶ አያውቅም። ሰዎቹ ግራ ተጋብተው ይሄዳሉ። እሱ በሩን ዘግቶ ሲመለስ ፉጨቱ ከኮሪደሩ ይሰማል። ከነዚህ ገዢዎች ሁለት ጊዜ የተመላለሱት ሚስተር ናይዱ የሚባሉ፣ ቤኖኒ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ የሕንድ ተወላጅ ብቻ ነበሩ። እሳቸውንም በዚያው ዘዴ ሸኛቸው። ወረቀቱ ሦስት ዓመት እዚያው ተለጥፎ ከፀሐይ ብዛት ነጣ።

ከሰዓት በኋላ አስካለች አለምወርቅን ትንሽ ጋደም እንድትል ብላ ወደ ውስጥ አስገባቻት። አለምወርቅ ግን አልተኛችም። በወጥ ቤቱ መስኮት በላይነህን አየችው። በላይነህ ከባሏ ጋር በአንድ ጋራዥ አሥራ አንድ ዓመት የሠራ ጓደኛው ነው። ከቀብር ጀምሮ ወንበር ሲያመጣ፣ ውሃ ሲያጓጉዝ፣ አንድም ጊዜ ድንኳኑ ውስጥ አልተቀመጠም። እሷ ፊት መቀመጥ ያልፈለገ መሰላት።

«በላይነህ» ብላ ጠራችው።

እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ ገባ። «አቤት፣ እትዬ።»

«መኪናዋን እኔ ነኝ የሸጥኳት። ከሌላ ሰው ከምትሰማው ብዬ ነው።»

በላይነህ አልደነገጠም። የወጥ ቤቱን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «አውቃለሁ» አላት።

«ማን ነገረህ?»

«እሱ።»

አለምወርቅ የዕቃ ማጠቢያውን ጠርዝ ያዘች።

ሠረቀብርሃን ሆስፒታል የገባ ሰሞን ሐኪሙ ሳንባው ነው ብሎ ነበር። ለዓመታት የተነፈሰው ቀለምና አቧራ ሳንባውን አድርቆታል፤ ከዳነም ወደዚያ ሥራ መመለስ የለበትም። ሠረቀብርሃን የኦክስጅን ቱቦ አፍንጫው ላይ እንዳለ ሐኪሙን በጭንቅላቱ እሺ አለው። ሐኪሙ እንደ ወጣ ወደ እሷ ዞሮ «የግራ በሩን ቀለም እንደገና ማየት አለብኝ» አላት። የዚያን ዕለት በታክሲ ወደ ቤት ስትመለስ አንድ ነገር ብቻ ነበር በልቧ። ያቺ መኪና ግቢው ውስጥ ካለች ይህ ሰው አይተርፍም። መኪናዋ በእሷ ስም ነበረች፤ ሲያስመዘግባት የእሱ የስደተኝነት ወረቀት ለእድሳት ስለተያዘ «ባንቺ ስም ትሁን፣ ያው አንድ ነን» ብሏት ነበር። ለሚስተር ናይዱ ደወለች። ረቡዕ ጠዋት ተሳቢ ይዘው መጡ።

«ባለቤትዎ ያውቃሉ?» ብለው ጠየቋት ሽማግሌው ቁልፉን ሳይቀበሉ።

«ያውቃል» አለች።

ለሽያጭ የቀረበን ነገር ነው የሸጥኩት፤ እያለች ራሷን ስታጽናና ሰነበተች። ትንሽ ሲሻለው እነግረዋለሁ ትላለች። በሚቀጥለው ቀን ትሄዳለች፤ ያላበውን ግንባሩን ታያለች፤ ለነገ ታሳድረዋለች።

አንድ ቀን «አለሜ፣ ሞተሯን ታስነሽያታለሽ?» አላት። «በዚህ ብርድ ዝም ብላ ከቆመች ትጎዳለች።»

«በየጠዋቱ አስነሳታለሁ።»

«እስቲ በስልክሽ ቅጂና አምጪልኝ፣ ድምፁን ልስማው።»

ቤቷ ተቀምጣ ኢንተርኔት ላይ የሌላ ሰው ሙስታንግ ፈለገች። ተመሳሳይ ዓመት፣ ተመሳሳይ ሞተር የሚል አገኘችና ድምፁን ብቻ ቆርጣ ወሰደችለት። ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው ሰማ። አለምወርቅ ፊቱን ታያለች። ጨርሶ ስልኩን መለሰላት።

«ጥሩ ነው። አመሰግናለሁ» አላት። ቆይቶ ደግሞ «ሌላስ? ሌላ የምትነግሪኝ የለም?» አለ።

«የለም። ምን ይኖራል?»

«እንዲያው ነው» ብሎ እጇን ያዘ። ከዚያ በኋላ የኖረው ስምንት ቀን ነው።

«ናይዱ ደውለውለት ነበር» አለ በላይነህ። «በገዙ በማግስቱ። እግዜር ይማርህ ለማለትና ጠዋት በብርድ እንዴት እንደምትነሳ ለመጠየቅ። እኔ አልጋው አጠገብ ነበርኩ። ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። ከዚያ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አስረዳቸው፤ ነዳጁን ስንት ጊዜ እንደሚረግጡ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚያሞቋት፣ ሁሉንም። አንድም ውሸት አልነገራቸውም። ስልኩን ሲዘጋ ጨርሶ ደክሞት ነበር።»

«እና ዝም አልከኝ?»

«አስማለኝ። 'ራሷ ትንገረኝ' አለ። በየቀኑ 'ዛሬ ትነግረኛለች' ይለኝ ነበር። አንቺ መጥተሽ ስትሄጂ 'ነገ ይሆናል' ይላል።»

አለምወርቅ የምትጠይቀውን ፈራችው። ጠየቀችው ግን። «ምን ሊለኝ ነበር?»

በላይነህ ወለሉን አየ። «'አልተቀየምኳትም ልላት ነው የፈለግኩት' አለኝ። 'ግን ሳትነግረኝ እንዴት ብዬ ልንገራት? አፈርኩ ብላ ትሳቀቅብኛለች።'»

ከድንኳኑ የሰው ድምፅ ይሰማል። አዲስ ለቀስተኛ ገብቶ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» እያለ ነው። አስካለች ልትጠራት መጥታ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመችና ሁለቱን አይታ ተመለሰች። አለምወርቅ ቆማ ቀረች። ሌላ የምትነግሪኝ የለም ካላት ወዲህ ስምንት ቀን፤ በቀን ሁለት ጊዜ የጥየቃ ሰዓት። አንድ ቃል ለመናገር አሥራ ስድስት ጊዜ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ነበር። እሱ ደግሞ አሥራ ስድስት ጊዜ ጠብቋታል። ስለ ጎረቤት አወራችው። ስለ መብራት መጥፋት አወራችው። ሾርባው ጨው አንሶታል ወይ ብላ ጠየቀችው።

በሦስተኛው ቀን፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ድንኳኑ ሞልቶ ሳለ ሚስተር ናይዱ መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ በፎጣ የተሸፈነ ሳህን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። ልማዱን ስለማያውቁ ወንዶቹ ወደተቀመጡበት ልሂድ ወይስ ወደ ሴቶቹ እያሉ ግራና ቀኝ አዩ። ኋላ ቀጥ ብለው ወደ አለምወርቅ መጡና ፊቷ እንደምንም ቁጢጥ አሉ።

«አዝናለሁ ማዳም። በላይነህ ትናንት ነገረኝ። መኪናዋን ይዤ አልመጣሁም፤ ድምፅዋን ቢሰሙ ደግ አይሆንም ብዬ በፒካፕ መኪናዬ ነው የመጣሁት።»

«ሚስተር ናይዱ» አለች አለምወርቅ። በእንግሊዝኛ ነበር የምታወራው፤ ድምፅዋን ግን ዝቅ አላደረገችም። «ያን ዕለት ባለቤትዎ ያውቃሉ ወይ ብለው ጠይቀውኝ ነበር። አያውቅም ነበር። ዋሸሁዎት።»

እንግሊዝኛ የሚሰሙት ሁሉ ወደ እሷ ዞሩ። አስካለች የአለምወርቅን ክንድ ያዝ አደረገች።

«ያን ጊዜ ስደውል ከድምፁ ገብቶኛል» አሉ ሽማግሌው። «ልመልሳት አልኩት። 'ሚስቴ ከሸጠቻት ተሸጠች' አለኝ። አንድ ነገር ብቻ አደራ አለ።»

«ምን?»

«የቀኙን ወንበር ዝቅ እንዳላደርገው። ከሥሩ ብረት በይዶበት ነው ከፍ ያለው። 'ሚስቴ አጭር ናት፣ መንገዱ እንዲታያት ብዬ ነው' አለኝ። የኔዋ ሚስት ረጅም ናት፤ ፀጉሯ ጣራውን እየነካ ትቆጣኛለች። ግን አልነካሁትም።»

የመኪናዋ መሪ እንደ አሜሪካኖቹ በግራ በኩል ነበር። በቀኝ የምትቀመጠው አለምወርቅ ናት፤ ጆሃንስበርግ ደግሞ ሾፌር የሚቀመጠው በቀኝ ነው። እሁድ እሁድ ይዟት ሲወጣ፣ ሮቦት በሚሉት የትራፊክ መብራት ላይ ቀይ በርቶ ሲቆሙ የጎን ሾፌሮች እሷ የምትነዳ እየመሰላቸው አውራ ጣታቸውን ያሳዩዋት ነበር። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ክሩስኮቱን አልፋ መንገዱን ሁሉ እያየች ትስቃለች። ወንበሩን አሜሪካኖች እንዲያ ከፍ አድርገው የሠሩት መስሏት ነበር። እሱም አልነገራትም።

እንባዋ መጣ። ከቀብር ጀምሮ የመጣውን እንባ ሁሉ በነጠላዋ ስትሸፍን ነበር፤ ይህን አልሸፈነችውም። ሚስተር ናይዱ ምን እንደሚያደርጉ ጠፍቷቸው ሳህኑን እንደያዙ ቀሩ። በላይነህ ከወንዶቹ በኩል የፕላስቲክ ወንበር አንስቶ አመጣላቸው።

አለምወርቅ ወንበሩን እንዲመልሰው በእጇ አመለከተችው። ሳህኑን ከሽማግሌው ተቀብላ ለአስካለች ሰጠቻትና ወደ ግድግዳው ፈቀቅ አለች። ከዚያም አጠገቧ የተለቀቀውን የፍራሹን ቦታ በመዳፏ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገችላቸው።