የጋሼ ምንይሉ ውል

ጽናት ከገመድ እስራት የማምለጥ ምትሃት የተማረችው ከስልኳ ነው። ስትታሰር ደረቷን በአየር ነፍታ ትቆያለች፤ ኋላ ስትተነፍስ ገመዱ ይላላል፤ እሷም ሹልክ! ሦስት ወር ሙሉ እህቷን «እሰሪኝ» እያለች ተለማምዳዋለች።

ትርኢቷን ልታሳየው የወጣችለት የሞላሌ ገበያተኛ ግን እንዲህ በቀላሉ ተገርሞ አፉን የሚከፍት አይደለም። «እህቷ ያሰረቻትንማ ማን አይፈታም! ጋሼ ምንይሉ ይሰሯትና እንያት!» አለ አንዱ። ጋሼ ምንይሉ አርባ ዓመት በቅሎ ሲጭኑ የኖሩ ናቸው፤ እሳቸው ያሰሩትን ጭነት ቁልቁለት አይፈታውም።

«ይምጡ! እኔም የምፈልገው እሳቸውን ነው» አለች ጽናት። ሲጭኑ እያየች ነው ያደገችው።

ሽማግሌው ጉልበታቸውን ጀርባዋ ላይ ተክለው የፊጥኝ ሲያስሯት፣ የነፋችው አየር እንዳለ ወጣ። የስልኩ ትምህርት እዚያው አበቃ። ሰዉ ሳቀ። እሷ ግን በጣቷ ቋጠሮውን ዳበሰች፤ የተንጠለጠለውን ጫፍ ያዘችና ሳብ አደረገችው። ገመዱ እግሯ ሥር ተዘረገፈ።

ጋሼ ምንይሉ ክው አሉ። «ምን አድርገሽ ነው?»

«በቅሎ ገደል አፋፍ ላይ ብትወድቅ ጭነቷን እንዴት ያወርዱላታል፣ ጋሼ?»

«ውሉን መዥረጥ ነዋ! ለዚያ አይደል ሳስር ሲሳብ የሚፈታ ውል የማስቀረው፤ ያለዚያማ እንስሳዋ...» እጃቸውን ገልብጠው አዩትና ሳቁ።

«አይ እጄ! ለበቅሎ ሲራራ ኖሮ፣ በሰው መጨከን አቃተው።»