የሚካኤል ዕለት ፈረቃ

የይጁቤው መሪጌታ ገዳሙ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ሲፈቱ የኖሩ ሰው ናቸው። የልጃቸው የሂዊ ሥራ ግን አልፈታ አላቸው።

ሂዊ አዲስ አበባ ባለ ዕቃ አድራሽ ድርጅት ተቀጥራ ስትሠራ፣ ድርጅቱ «ከቤታችሁ ሥሩ» ቢል ኪራይ ቤቷን ለቃ አባቷ ዘንድ ገባች። ከጓዳው አጠገብ ኮምፒውተሯን ከፍታ፣ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ደፍታ፣ ስታወራ ትውላለች። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ጭር ብሎ የኖረው ቤት ድምፅ አገኘ። መሪጌታም ሥራው ባይገባቸውም ወደዱት።

ጎረቤቱ ግን ቤት የዋለች ልጅ ሥራ ፈት ናት ባይ ነው። የተዝካር ሽንኩርት ሊከተፍ ሲል «ሂዊ ትምጣ»፤ የደቦ ጠላ ሊጠመቅ ሲል «ሂዊ ትምጣ»። መሪጌታ በር ላይ ቆመው «ሥራ ላይ ናት» ሲሉ ከረሙ። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት አንድ ቀን አንገታቸውን አስግገው አዩና፣

«የኔታ፣ ተቀምጣ እኮ ነው» አሉ።

«ተቀምጣ ነው የምትሠራ።»

«እንዲህ ያለውን ሥራማ እኔም አላጣው።»

ቢሆንም ከመደጋገሙ ብዛት «ሥራ ላይ ናት» የሚለው ቃል በሰፈሩ ሥር ሰደደ። ጣጣው የመጣው ሥር ከሰደደ በኋላ ነው።

በመስከረም ሚካኤል ማግስት በረዶ ወርዶ የአቶ እንዳላማውን ስንዴ አስተኛው። የሚካኤል ዕለት ግዝት ነው፤ ሞፈር አይነካበትም፤ በረዶ ከወረደም አንድ የሻረ ሰው አለ ማለት ነው። ቢጣራ ያረሰም ያጨደም አልተገኘም። «ታዲያ ሥራ ላይ የነበረ ማን ነው?» ሲባል ግን ሰፈሩ ሁሉ አንድ ስም ያውቃል። በማርያም ዕለት ሽማግሌ እንደሚመጣ ለመሪጌታ ተነገራቸው።

«ልጄ፣ በግዝት ቀን ብትተይውስ?» አሉ።

«ፈረቃዬ ላይ ካልተገኘሁ ወደ ቢሮ ተመለሺ ይሉኛል፣ አባዬ። ቢሮው አዲስ አበባ ነው።»

መሪጌታ ጭር ያለው ቤት ትዝ አላቸው።

«ይደክምሻል?»

«በጣም።»

«እሱን ለሽማግሌዎቹ አትንገሪ።»

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የላቸውም። አፈር አይቆፈርበት፣ በሬ አይጠመድበት፤ ሥራ አይደለም። ሥራ ካልሆነ ግን ክረምቱን ሙሉ በር ላይ ቆመው የዋሹት እሳቸው ናቸው። ሥራ ከሆነ ደግሞ ግዝት የሻረችው ልጃቸው ናት። የሚያውቁትን መጽሐፍ ሁሉ በልባቸው አገላበጡ፤ ስለ ኮምፒውተር የጻፈ አባት አልተገኘም።

በማርያም ዕለት አቶ እንዳላማው ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ገቡ። ሂዊ ልትነሣ ስትል ስልክ ገባ።

«ድምፁን ልቀቂው፤ የምትሠሪውን ይስሙ» አሉ መሪጌታ።

አንዲት ሴት ለልጇ ክርስትና ያዘዘችው ቀሚስ የሌላ ሰው ሆኖ መጥቶባታል። ያመጣው ሞተረኛ ደግሞ ተሰደብኩ ብሎ ከደጇ አልንቀሳቀስም ብሏል። ሂዊ ሴትዮዋን «እውነትዎን ነው» አለቻት፤ ሞተረኛውን በሌላ መስመር «ለእኔ ስትል» አለችው፤ ደግሞ ወደ ሴትዮዋ ተመለሰች። በመጨረሻ ሴትዮዋ፣ «በይ ይሁን፤ እሱም ገብቶ ውሃ ይጠጣ» አለች።

አቶ እንዳላማው በትራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ።

«ይቺ እኮ ሽምግልና ናት» አሉ። «ሽምግልና ደግሞ በግዝትም ይቻላል። እኛስ አሁን ምን እያደረግን ነው? ሥራ አይደለማ፣ የኔታ?»

ሁሉም ወደ መሪጌታ ዞሩ። መሪጌታ ወደ ሂዊ አዩ።

«ሥራ አይደለም» አሉ።

ሽማግሌዎቹ መርቀው ወጡ። ለበረዶው ሌላ ሰው ይፈለጋል ተባለ።

በማግስቱ ጠዋት ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት ቢላዋ ይዘው መጡ። የባላቸው ተዝካር ደርሷል።

«ሂዊን ይጥሩልኝ፣ የኔታ። ሥራ አለመሆኑን ከአንደበትዎ ሰምተናል።»

ከውስጥ ሂዊ በስልክ «ምን ልታዘዝ?» ትላለች።

«ዛሬ ግዝት ነው እንዴ?» አሉ መሪጌታ።

«ኧረ ዛሬስ የሥራ ቀን ነው።»

«እንግዲያው ሥራ ላይ ናት።»

ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት ትክ ብለው አዩዋቸው። «የኔታ፣ ቅኔ መሆኑ ነው?»

መሪጌታ እሱንም እርግጠኛ አልነበሩም። ቢላዋውን ከእጃቸው ተቀበሉና፣ በሩን ቀስ ብለው ዘግተው፣ ሽንኩርቱ ወዳለበት ራሳቸው ሄዱ።