የሌለው መጨናነቅ

የመሥሪያ ቤታችን ካድሬ፣ ጓድ ካሳዬ፣ ጥናታችንን በቀይ እስክሪብቶ አበላሽቶ መለሰልን። ነገሩ የሆነው በ1975 ነው፤ ሳስታውሰው ግን ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ጥናቱን ያዘጋጁት ጋሽ ዘርአጽዮን ነበሩ። አንጋፋ መሐንዲስ ናቸው፤ በሰኔ ጡረታ ሊወጡ ነበር። ከመገናኛ በሃያ ሁለት በኩል እስከ አብዮት አደባባይ፣ ሌላ መኪና ዝር የማይልበት፣ ለአውቶቡስ ብቻ የተከለለ ፈጣን መስመር ነደፉ። ከጡረታቸው በፊት ሲጸድቅ ማየት ነበር ምኞታቸው። እኔም ሦስት ወር ሙሉ ሃያ ሁለት ማዞሪያ ቆሜ ተሳፋሪ ቆጠርኩላቸው። እናቶች በመስኮት ሲገቡ፣ ወዛደሩ በር ላይ ተንጠልጥሎ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ።

ካሳዬ ከቦሌ በላዳ እየተመላለሰ ይህን የት ያየዋል? “መጨናነቅ” የሚለውን ቃል አሥራ ዘጠኝ ቦታ ሰርዞ “የሰፊው ሕዝብ እንቅስቃሴ” ብሎ ተካው። መጨናነቅ ከሌለ ደግሞ መስመሩ ምን ያደርጋል አለና ስብሰባ ጠራ። አይ ብልጠት!

“መጨናነቅ የካፒታሊስት ከተማ በሽታ ነው” አለ መድረኩ ላይ ሆኖ። “ጓድ ዘርአጽዮን፣ ተነሥና ግለ ሂስ አድርግ!”

አባቱ የሚሆኑትን ሰው አንተ ሲል ትንሽ እንኳ አላፈረም።

ጋሽ ዘርአጽዮን ቀስ ብለው ተነሡ። “የጻፍኩት እውነት ነው። እኔን ካላመናችሁ የቆጠረችውን ልጅ ጠይቋት” አሉ።

አዳራሹ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ።

“ጓድ ምንትዋብ፣ መጨናነቅ አይተሻል?” አለ ካሳዬ። እስክሪብቶውን ከፍቶ ስሜን ሊጽፍ ተዘጋጅቷል።

“አላየሁም” አልኩ።

ጥናቱ በሙሉ ድምፅ ተዘጋ። እኔም እጄን አወጣሁ። ምነው በተቆረጠ!

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከሥራ ወጥተን ፌርማታው ጋ ደረስን። ጋሽ ዘርአጽዮን ከጎኔ ቆመዋል። አውቶቡሱ ጢም ብሎ መጣ። ሰው ሁሉ ተጋፋ። እሳቸው በዚያ በደከመ ትከሻቸው ገፋ ገፋ አድርገው መንገድ ከፈቱልኝ።

“ግቢ ልጄ፣ እንዳይመሽብሽ።”

ገባሁ። በሩ በግድ ተዘጋ፤ እሳቸው እዚያው ቀሩ። ምናለ ቢሰድቡኝ!